ሙሉ ጠመንጃ መግዛት ወይስ ገጣጥሞ መሥራት? የጥያቄው እውነተኛ ይዘት

አንድ ጥያቄ በመልኩ የሂሳብ ጥያቄ ሆኖ ሲቀርብ በይዘቱ ግን የኅብረተሰብ ጥያቄ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዩናይትድ ስቴትስ የጦር መሣሪያ ገበያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረው «ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ሙሉውን መግዛት ይሻላል ወይስ ክፍሎቹን ለየብቻ ሰብስቦ መገጣጠም?» የሚለው ጉዳይ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ተከራካሪዎቹ የሚደረድሩት የአፈሙዝ ዋጋ፣ የሰደፍ ዋጋ፣ የማጓጓዣ ዋጋ ነው። በዚህ ሁሉ ዋጋ መሐል ተሸፍኖ የሚያልፈው ግን ዋናው ጭብጥ ነው፤ ይኸውም ይህ መሣሪያ በዓለም ላይ መኖሩን ከባለቤቱ ሌላ ማን ያውቃል? የሚለው ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። አይደለም። በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር የቀድሞ የትምህርት ጓደኛዬ ሱቁ ሁለት ጊዜ ከተሰበረበት በኋላ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ታነባለህና ምን ትመክረኛለህ? ጎረቤቴ ክፍል በክፍል ገዝተህ ብትገጥመው በግማሽ ዋጋ ይወጣልሃል፣ ወረቀትም አያስፈልገውም ይለኛል» ሲል ጠየቀኝ። በስልክ የሰጠሁት መልስ የተጣደፈ ነበር። የሚከተለው በሚገባ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልኝ።

በመሠረቱ ጠመንጃን ክፍል በክፍል ገዝቶ ለመገጣጠም መቻል ራሱ የታሪክ ውጤት ነው። እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ጠመንጃ በአንድ አንጥረኛ እጅ እየተሞረደ የሚሠራ ነበርና የአንዱ ቃታ ለሌላው አይሆንም ነበር። ፈረንሳዊው ኦኖሬ ብላን ተለዋዋጭ ክፍሎችን ለመሥራት ያደረገውን ሙከራ ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1785 በፓሪስ ተመልክቶ ወደ አገሩ ጽፏል። ኤላይ ዊትኒ በ1798 ለመንግሥት 10,000 ጠመንጃ ለማቅረብ ውል ገባ፤ ዝናውን እሱ ቢወስደውም ሥራውን በእውነት ከፍጻሜ ያደረሱት ግን በሃርፐርስ ፌሪ የጆን ሆል አውደ ጥናት፣ ኋላም የስፕሪንግፊልድ የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። የአሜሪካ የአሠራር ዘይቤ እየተባለ የሚወደሰውና በኋላ ለስፌት መኪናውም ለብስክሌቱም ለአውቶሞቢሉም መንገድ የጠረገው የምርት ሥርዓት የተወለደው ከጠመንጃ ነው። በሌላ አነጋገር የክፍሎች መለዋወጥ የመጣው በመንግሥት ገንዘብና በመንግሥት ትእዛዝ፣ ለመንግሥት ሠራዊት ጥቅም ነበር። ዛሬ በአንድ ግለሰብ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ የሚገጣጠመው ጠመንጃ የዚያ የጋራ ድካም የልጅ ልጅ መሆኑን ገጣሚው አያስታውሰውም።

ክርክሩ በተለይ የሚያተኩርበት ጠመንጃ ኤአር-15 ነው። የፈጠረው ዩጂን ስቶነር፣ የተፈጠረበትም በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ኩባንያ ክፍል በነበረው በአርማላይት ነው። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ወደ ጠመንጃ የገቡት ከዚያው ከአውሮፕላን ሙያ ነው። «ኤአር» የሚሉት ፊደላትም የአርማላይትን ስም እንጂ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ሌላ ትርጉም የላቸውም። ኮልት ኩባንያ በ1959 መብቱን ገዝቶ ለሠራዊቱ ኤም-16ን ሲያቀርብ፣ ከፊል አውቶማቲክ የሆነውን ዓይነት ደግሞ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሲቪል ገበያ አወጣ። የስቶነር የፈጠራ መብት ዘመን በ1977 ሲያበቃ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። አንዱ አፈሙዝ፣ ሌላው ሰደፍ፣ ሌላው ቃታ ብቻ እየሠራ፣ ሁሉም በአንድ ወታደራዊ ልክ ስለሚሠሩ እርስ በርስ የሚገጥሙ ሆኑ። የላይኛውና የታችኛው የጠመንጃው ገላ የሚያያዙት በሁለት ቁልፎች ብቻ ነው። የኢንዱስትሪው ማኅበር ራሱ ባወጣው ግምት ከ1990 ወዲህ በአሜሪካ ለገበያ የቀረቡት የዚህና የመሰሎቹ ጠመንጃዎች ብዛት ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጎረቤቱ «በግማሽ ዋጋ» ያለው ስሕተት ነው። ፋብሪካው አፈሙዙን በሺህ ቁጥር ያዛል፤ ግለሰቡ አንዱን በችርቻሮ ዋጋ ይገዛል። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ያጓጉዛል፤ ግለሰቡ ከአምስት ሻጮች አምስት ጊዜ ማጓጓዣ ይከፍላል። መፍቻው፣ መቆንጠጫው፣ የተበላሸው ትንሽ ክፍል ምትክ ሲታከልበት፣ በርካሹ ደረጃ ከ500 ዶላር ብዙ ሳይርቅ የሚሸጠውን ሙሉ ጠመንጃ የሚያሸንፍ ሂሳብ እምብዛም አይገኝም። ገጣጣሚው የሚያተርፈው የሚፈልገውን ዓይነት አፈሙዝና ቃታ ከመጀመሪያው መርጦ ሲሠራና ፋብሪካው የገጠመውን ነቅሎ ከመጣል ሲድን ነው። ይህ የሙያተኛ ዒላማ ተኳሽ ጥቅም እንጂ ሱቁ የተሰበረበት ሰው ጥቅም አይደለም። ሙሉውን የገዛ ሰው ጠመንጃው ቢጎድልበት ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል፤ በራሱ የገጠመ ግን ዋስትና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንጂ ለመላው ሥራ የሚጠየቅለት የለም። ጥይት የሚፈነዳው ደግሞ ከዓይን ጥቂት ጣቶች ርቀት ላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስገርመው የግብሩ ነገር ነው። በ1937 የወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ በረጃጅም ጠመንጃዎችና በጥይት ላይ 11 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይዝ ግብር ይጥላል። ገንዘቡ ለየግዛቶቹ የዱር አራዊት ጥበቃ ይከፋፈላል። ግብሩን የሚከፍለው ፋብሪካው ሲሆን የሚከፈልበትም ሙሉ ጠመንጃ ነው። የተበታተነም ቢሆን ሁሉም ክፍል ባንድ ሣጥን ተሟልቶ ከተሸጠ ይከፈልበታል። የላይኛው ገላ ከአንድ ሻጭ፣ የታችኛው ከሌላ ሻጭ ሲገዛ ግን ክፍል ክፍል ነውና ግብር የለበትም። አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ጥይት ተኳሽ፣ ሁለት ዓይነት ሕጋዊ ሕልውና! ለአጋዘኑና ለዳክዬው ማደሪያ የሚሆነው ገንዘብ በሁለት ፖስታ መካከል ጠፍቶ ይቀራል።

ለምን ቢሉ፣ ሕጉ ጠመንጃውን የሚያየው በአንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ነው። የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ተኳሹን መሣሪያ እንዲሁም «ፍሬም ወይም ሪሲቨር» የሚለውን አካል «የጦር መሣሪያ» ብሎ ይሰይማል። በኤአር-15 ይህ አካል ቃታው የሚቀመጥበት የታችኛው ገላ ነው ተብሎ በአሠራር ተወስኗል። መለያ ቁጥሩ የሚቀረጸው በእርሱ ላይ ነው። ጥይቱ የሚያልፍበት አፈሙዝ፣ ጋዙ የሚመታው መቀርቀሪያ፣ ሰደፉ፣ ካዝናው በፌዴራሉ ሕግ ዓይን እንደ በር ማጠፊያ ያሉ ሸቀጦች ናቸው። የታችኛውን ገላ ብቻውን፣ ባዶውን የገዛ ሰው ፈቃድ ካለው ነጋዴ ዘንድ ቀርቦ 4473 የተባለውን ቅጽ ይሞላል፣ ከኅዳር 1998 ጀምሮ በሚሠራበት የፈጣን ምርመራ ሥርዓት ስሙ ይጣራል። ቀሪው ሁሉ በፖስታ ቤቱ ይደርስለታል።

ከዚህ የሚወለደው ቅራኔ አንዳንዴ ከቀልድ አይለይም። በዚያው ሕግ መሠረት የ18 ዓመት ወጣት ከነጋዴ ሙሉ ረጅም ጠመንጃ መግዛት ይችላል፤ ባዶውን የታችኛውን ገላ ለመግዛት ግን 21 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ባዶው ገላ ገና ረጅም ጠመንጃ አልሆነምና! ጥይት መተኮስ የሚችለው ለልጁ ተፈቅዶ መተኮስ የማይችለው ተከልክሏል። በ2019 ደግሞ በካሊፎርኒያ አንድ የፌዴራል ዳኛ የድሮውን ደንብ ቃል በቃል አንብቦ፣ ሪሲቨር የሚባለው መዶሻውንም መቀርቀሪያውንም አንድ ላይ የያዘ አካል ነው ከተባለ፣ በኤአር-15 እነዚህ በሁለት ገላ ተከፍለው ስለሚገኙ የታችኛው ገላ ትርጓሜውን አያሟላም የሚል አስተያየት ሰጠ። አቃቤ ሕጉ አስተያየቱ ሥር እንዳይሰድ ከተከሳሹ ጋር በስምምነት ጉዳዩን ለመዝጋት መረጠ። ሚሊዮኖች ጠመንጃዎች ለአምሳ ዓመት የተመዘገቡበት ሐረግ በአንድ ጥንቁቅ አንባቢ ፊት ለመቆም አልቻለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ሆን ብለውም ይሁን ሳያውቁ የሚደባልቁትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። «መገጣጠም» የሚለው ቃል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ድርጊቶችን ይሸፍናል። አንደኛው፣ ቁጥር ያለውን የታችኛውን ገላ ከነጋዴ በምርመራ ገዝቶ ሌላውን ክፍል በላዩ መግጠም ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ሙሉ ጠመንጃ ከገዛው በምንም አይለይም፤ ቅጹ በነጋዴው መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠመንጃው ነገ በወንጀል ቦታ ቢገኝ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ያለው የመከታተያ ማዕከል ከፋብሪካው ጀምሮ እስከ ገዢው ድረስ በወረቀቱ ይከተለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በጥርጣሬ ዓይን ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብስክሌት ከሚፈታ ሰው የተለየ ጥፋት የለበትም።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። በገበያ «80 በመቶ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶት፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት የቀረውን ገላ፣ ጠመንጃ አይደለም በሚል ምክንያት ያለ ቁጥር፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ ምርመራ መሸጥና ገዢው ቀሪዋን በቤቱ እንዲጨርሳት መተው ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለራሱ መጠቀሚያ የሚሠራን ግለሰብ ፈቃድ ስለማይጠይቅ፣ በዚህች ስንጥቅ ውስጥ አንድ ሙሉ ንግድ በቀለ። ውጤቱም «የሙት መንፈስ ጠመንጃ» የሚል ስም አተረፈ። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በፍርዱ እንደጠቀሰው፣ ፖሊሶች እንዲከታተሏቸው ወደ ፌዴራሉ መንግሥት የላኳቸው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በ2017 ወደ 1,600 ነበሩ፤ በ2021 ከ19,000 በላይ ሆኑ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሽጉጦች መሆናቸውን መደበቅ አይገባም፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው።

ረጅሙ ጠመንጃ ምን እንዳደረገም ተመዝግቧል። በሰኔ 2013 በሳንታ ሞኒካ 5 ሰዎችን የገደለው ወጣት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሣሪያ ለመግዛት ጠይቆ በካሊፎርኒያ ግዛት የተከለከለ ነበር። የተኮሰበት ጠመንጃ ከክፍሎች የተገጣጠመ ነው። በኅዳር 2017 በራንቾ ቴሃማ የገደለው ሰውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሣሪያ እንዳይዝ ታግዶ ሳለ ጠመንጃዎቹን በራሱ ሠርቶ ነው። በሁለቱም ቦታ ሕጉ ሰውየውን አውቆታል፣ ስሙን ጠርቶ አይሆንም ብሎታል፤ ሰውየውም በሕጉ ጎን አልፎ ሄዷል። ይህን አንብቦ «ይህ የዋጋ ክርክር ነው» የሚል ማን ነው?

የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂዎች ቢሮ በ2022 ደንቡን አሻሽሎ፣ በቀላሉ ወደ ተኳሽነት ሊለወጥ የሚችል ስብስብ ወይም ገላ እንደ ጦር መሣሪያ እንዲቆጠር፣ ቁጥር እንዲቀረጽበትና ምርመራ እንዲደረግበት ወሰነ። ሻጮችና ባለቤቶች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 26 ቀን 2025 በ7 ለ2 ድምፅ ደንቡ በመሠረቱ ከሕጉ ጋር አይጋጭም ሲል ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጎርሰች ሲሆኑ የተቃወሙት ዳኛ ቶማስና ዳኛ አሊቶ ናቸው። ጎርሰች ደግሞ የግራ ክንፍ ሰው ናቸው የሚል አይገኝም። የምክንያታቸው አካሄድ ተራ ሰው የሚረዳው ዓይነት ነው፤ ተበታትኖ በካርቶን የሚሸጥ ጠረጴዛ ጠረጴዛ ይባላል፣ ያላለቀ የልብ ወለድ ረቂቅም ልብ ወለድ ይባላል፤ ታዲያ በግማሽ ሰዓት ሥራ የሚተኩስ ስብስብ ለምን ጠመንጃ አይባል? ይሁንና ውሳኔው ደንቡን በጥቅሉ አጸደቀ እንጂ የትኛው ያላለቀ ገላ ከመስመሩ ወዲህ፣ የትኛው ከመስመሩ ወዲያ እንደሚወድቅ አንድ በአንድ አልወሰነም።

የተቃዋሚዎቹን ክርክር አቃሎ ማየት ግን ከቅንነት አይቆጠርም። በዚያ አገር የራስን ጠመንጃ በራስ እጅ መሥራት ከቅኝ አገዛዝ ዘመን ጀምሮ የነበረ ልማድ መሆኑ እውነት ነው። በ1986 የወጣው የመሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግም የፌዴራል መንግሥት ማዕከላዊ የባለቤቶች መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል፤ ይህም የሕዝቡን ፍርሃት ያሳያል። መንግሥት ዝርዝሩን ከያዘ አንድ ቀን ቤት ለቤት ይመጣል የሚለውን ሥጋት ታሪክ ያነበበ ሰው ሊስቅበት አይገባም። ነገር ግን የቅኝ ግዛቱ አንጥረኛ ጠመንጃ ለመሥራት ዓመታት ይማር ነበር፤ መንደሩም ያውቀው ነበር። ዛሬ ተሠራ የሚባለው ከመቶ ሰማንያው በፋብሪካ ያለቀ ነው። ይህን ሰው የአንጥረኛው ወራሽ ማለት ጠረጴዛውን ከካርቶን አውጥቶ ያቆመውን አናጺ እንደ ማለት ነው።

በአንጻሩ፣ ቁጥር በመቅረጽ ብቻ ችግሩ ተፈታ ብለው የሚደሰቱትም ተሳስተዋል። በግንቦት 24 ቀን 2022 በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን የገደለው ልጅ ምንም አልገጣጠመም። 18 ዓመት እንደሞላው ሁለት ሙሉ ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ፣ በቅጽ፣ በምርመራ፣ ከነቁጥራቸው ገዛ። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶ ነበር። በነሐሴ 2019 በሚድላንድና በኦዴሳ 7 ሰዎችን የገደለው ደግሞ በ2014 በነጋዴ ቤት ምርመራው አላሳልፍ ሲለው ፈቃድ ከሌለው ግለሰብ ገዛ፤ ሻጩ በኋላ 2 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስለዚህ ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ «ማን ገዛው?» የሚለውን ነው፤ የሚመልሰውም ከሆነ በኋላ ነው። «ለማን ይሸጥ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ለመመለስ የዕድሜን ወሰን፣ በግለሰቦች መካከል የሚደረግን ሽያጭ፣ የምርመራውን ጥልቀት መንካት ግድ ይላል። የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን መተው የቤቱን በር ዘግቶ ግድግዳውን ሳይሠሩ መቅረት ነው። ቢሆንም በሩ ይዘጋ፤ ምክንያቱም በዚያ በር የሚገቡት አስቀድሞ በስማቸው የተከለከሉት ናቸውና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የእኛ ሰው ጠመንጃን ስም ሳይሰጥ ተቀብሎ አያውቅም። ውጅግራ የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ»፣ በልጅግ ቤልጂግን ስሙ ውስጥ ይዞ ይኖራል። ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ ስሙ ይናገራል፤ ማን እንደያዘውም አገሩ ያውቃል። ያለ ቁጥር የተገጣጠመው ጠመንጃ አፈሙዙ ከአንድ ግዛት፣ ሰደፉ ከሌላ፣ ገላው ከካርቶን ሲሆን ቢጠሩት የሚሰማበት ስም የለውም።

ወደ ጓደኛዬ ጉዳይ ልመለስ። የሚኖረው በሜሪላንድ ነው፤ የጎረቤቱ ምክርም ሌላ ግዛት ላይ የተሰማ ወሬ ነው። ሜሪላንድ በ2013 ባወጣችው ሕግ ኤአር-15ንና አምሳያዎቹን ከሽያጭ አግዳለች፤ ወፍራም አፈሙዝ ያለውን አንድ የኮልት ዓይነት ብቻ በስም ለይታ ትታዋለች። በዚህም ምክንያት አንድ ጠመንጃ የተከለከለ መሆን አለመሆኑ በአፈሙዙ ውፍረት የሚለይበት ሁኔታ ተፈጥሯል። የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉን በ2024 አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 ጉዳዩን ለማየት አልተቀበለም። ቁጥር የሌለውን መሣሪያ በተመለከተ ደግሞ ግዛቲቱ ያላለቀውን ገላ መሸጥ ከሰኔ 2022፣ ቁጥር የሌለውን መያዝ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ከልክላለች። «ወረቀት አያስፈልገውም» የተባለው እንግዲህ ወረቀት የማያስፈልገው ሳይሆን ወረቀት የማያገኝ ነው።

ጓደኛዬ የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት ገና የለውም። ይህን ነጥብ ጎረቤቱ፣ እዚያው የተወለደ ሰው፣ ሊያስበው አይችልም። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው ሁሉ ከነጋዴ ጠመንጃ መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለው በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ አይችልም። ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ሕግ ጥፋተኛ ከተባለ ግን የኢሚግሬሽኑ ሕግ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል፤ አንቀጹም መግዛትን፣ መያዝን፣ መሸጥን ሲዘረዝር መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን በጦር መሣሪያነት የሚቆጠር «ክፍል»ንም በስም ይጠራል። ጎረቤቱ በገንዘብ ቅጣት ሊወጣው በሚችለው ጉዳይ ጓደኛዬ አሥራ አንድ ዓመት የሠራበትን ሱቅና ትምህርት ቤት ያሉ ሁለት ልጆቹን ጥሎ ሊወጣ ነው። ከጥቂት ዶላር ቁጠባ ጋር በሚዛን ላይ የተቀመጠው ይህ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻ መልሴ እንዲህ የሚል ነበር፤ መሣሪያ የግድ ነው ካልክ ግዛቲቱ የምትፈቅደውን ዓይነት ሙሉውን፣ ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ ቅጹን በእጅህ ሞልተህ ግዛ፤ ቅጂውንም ከመኖሪያ ፈቃድህ ጋር አስቀምጥ። የሱቅህ ጀርባ ግድግዳ ግን ስስ ሰሌዳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚተኛው ጎረቤትህ ነው፤ የረጅም ጠመንጃ ጥይት ደግሞ በሰሌዳ ላይ አይቆምም። ሁለተኛው ስብራት የተፈጸመው በኋላው በር ስለሆነ በመጀመሪያ የበሩን ብረት አስለውጥ አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ብረቱ ስንት ያወጣል?» ሲል ጠየቀኝ።